አደን ፍርሃትን ያስተምራልን? የኮዮት ክርክርና ለጅብ ጥናታችን የሚያነሣው ጥያቄ

«ካልታደኑ ይደፍሩናል» የሚለው አስተሳሰብ በሰሜን አሜሪካ ስለ ዱር እንስሳት አያያዝ በሚደረገው ክርክር ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። የክርክሩ ማዕከል ኮዮት ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ላትራንስ የሚባል፣ ከተኩላ የሚያንስ፣ በመልኩም በአመሉም ለእኛዎቹ ቀበሮዎች የሚቀርብ የውሻ ወገን። በግ አርቢው ግልገሎቹ ሲበሉበት፣ የከተማ ዳር ነዋሪው ድመቱ ስትጠፋበት ወይም በጠራራ ፀሐይ ከአጥሩ ሥር ቆሞ የሚያየውን እንስሳ ሲያገኝ፣ የሚነገረው መፍትሔ አንድ ነው፤ ጥቂቶቹ ይገደሉ፣ የቀሩትም ሰውን መፍራት ይማራሉ ይባላል። ይህ አባባል ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ጨፍልቆ የያዘ መሆኑን፣ ከሦስቱም በማስረጃ እጅግ የሳሳው ስለ ፍርሃት የሚናገረው ክፍል መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እሞክራለሁ። ጉዳዩ የሩቅ አገር ቢመስልም ጅብን ለምናጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የቅርብ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የቁጥር ነው፤ አደን የኮዮቶችን ብዛት በዘላቂነት ይቀንሳልን? ሁለተኛው የጉዳት ነው፤ አደን በበግና በጥጃ ላይ የሚደርሰውን ጥፋት ያቃልላልን? ሦስተኛው የጠባይ ነው፤ አደን በሕይወት የተረፉትን ኮዮቶች ከሰው እንዲርቁ ያስተምራቸዋልን? ሦስቱ የተዛመዱ ቢሆኑም አንዱ ሲረጋገጥ ሌላው አብሮ አይረጋገጥም። የብዛት መቀነስ ድፍረትን ላይነካ ይችላል፤ ድፍረት የሌለው እንስሳም በሌሊት መጥቶ በግ ይወስዳል። እንዲያውም በጎቹን የሚፈጀው ሰውን አጥብቆ የሚሸሸው ኮዮት ሊሆን ይችላል።

ስለ ቁጥሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1931 ባወጣው ሕግ መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት አዳኝ እንስሳትን የመቆጣጠር ሥራ በቋሚነት ይዞ ቆይቷል፤ በቅርብ ዓመታትም ሥራውን የሚመራው የግብርና መሥሪያ ቤቱ ክፍል ብቻውን በየዓመቱ ከ50,000 እስከ 80,000 የሚደርሱ ኮዮቶችን ሲገድል ታይቷል። የግል አዳኞችና ወጥመድ አጥማጆች የሚገድሉት በዚህ ላይ ይደመራል። በዚሁ ዘመን ውስጥ እንስሳው ከምዕራቡና ከመካከለኛው ሜዳማ አገር ተነሥቶ አትላንቲክ ዳርቻ ደርሷል፤ በደቡብም እስከ ፓናማ ዘልቋል። ለመስፋፋቱ የተኩላ መጥፋትና የደን መመንጠር ትልቅ ድርሻ ስላላቸው ሁሉን በአደን ማሳበብ ተገቢ አይደለም፤ ሆኖም አደኑ መስፋፋቱን አላቆመውም። ኮኖሊና ሎንግኸርስት በ1975 ባሳተሙት የሒሳብ ሞዴል አንድ የኮዮት ማኅበረሰብ በየዓመቱ ሰባ በመቶ ያህሉ ቢወገድ እንኳ ራሱን ተክቶ ሊቆይ እንደሚችል አመልክተዋል። ሞዴል ሞዴል ነው። ነገር ግን በኮሎራዶ የተካሄደ የመስክ ጥናትም ብዙ ኮዮቶች ሆን ተብለው በተወገዱበት አካባቢ የመንጋዎቹ መጠን ዓመት ሳይሞላ ወደ ነበረበት መመለሱን አሳይቷል።

የጉዳቱ ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ ትኩረት ይሻል፤ ምክንያቱም እውነተኛው ኪሳራ እዚህ ላይ ነው። ለበግ አርቢ በግልገል መውለጃ ወቅት ስለ ሥነ ምኅዳር ማውራት ስድብ ሊመስለው ይችላል። የአሜሪካ የበጎች ቁጥር በ1942 ከ56 ሚሊዮን በላይ ከነበረበት በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ10 ሚሊዮን በታች ሲወርድ ብዙ አርቢዎች ጣታቸውን የቀሰሩት በኮዮት ላይ ነው። ኪም በርገር በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከ1920 እስከ 1998 ያለውን መረጃ መርምረው የመንጋው መመናመን በይበልጥ የሚገለጸው በድርቆሽ ዋጋ፣ በሠራተኛ ደመወዝና በጠቦት ገበያ መሆኑን አግኝተዋል። ይህ ማለት ግን ለአንድ የተወሰነ አርቢ ኮዮት ችግሩ አይደለም ማለት አይደለም። የአገር አማካይ አንድ በረት ውስጥ ያለውን ሐዘን አይለካም፤ ሁለቱን ማምታታት በእኛም የምርምር ጽሑፎች የተለመደ ድክመት ነው።

ለአንድ በረት የሚበጀውን ለማወቅ እስካሁን ካነበብኋቸው ሁሉ የላቁት በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ሆፕላንድ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲ የምርምር ጣቢያ የተሠሩት ናቸው። ተመራማሪዎቹ ለብዙ ኮዮቶች የሬዲዮ አንገት ማሰሪያ አድርገው፣ በግ በተገደለበት ስፍራ ሁሉ የነበረው የትኛው እንደሆነ ተከታተሉ። ውጤቱ ግልጽ ነበር። በጎችን በብዛት የሚገድሉት ግዛት ይዘው የሚራቡ ጥንዶች ሲሆኑ፣ የሚገድሉትም በገዛ ግዛታቸው ውስጥ የሚሰማሩትን በጎች ነው። ወዲያ ወዲህ የሚንከራተቱት ወጣቶች ድርሻቸው ትንሽ ነው። በሌላ በኩል በተለመደው የማጥመድ ዘዴ በብዛት የሚያዙት እነዚያው ልምድ የሌላቸው ወጣቶች ናቸው፤ አሮጌዎቹ ወላጆች ከወጥመድ ያመልጣሉ። እንግዲህ በዓመቱ መጨረሻ የሚቀርበው የግዳይ ቁጥር የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከጥፋተኞቹ ይልቅ የጎረቤቶቻቸውን ልጆች የሚቆጥር ሊሆን ይችላል። በ2002 የታተመው የዚያው ጣቢያ ጥናት ጥፋተኛው ጥንድ ራሱ ተለይቶ ሲወገድ በዚያ ግዛት የበግ ሞት ለተወሰነ ጊዜ እንደሚቀንስ፣ ያለ ልዩነት የሚደረግ ግድያ ግን ይህን ውጤት እንደማያስገኝ አሳይቷል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥናት ዩታ ውስጥ ተካሂዷል። ተመራማሪዎቹ ጥንዶቹን ከመግደል ይልቅ በቀዶ ሕክምና አመከኗቸው፤ ሆርሞናቸው ስላልተነካ ግዛታቸውን መጠበቅ ቀጠሉ፤ የሚገድሏቸው ግልገሎች ግን አነሱ። ቡችላ የሌለው ጥንድ ብዙ ሥጋ መሸከም አያስፈልገውም። በእኔ እምነት ይህ ጥናት ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረን ነገር፣ የበግ ገዳይነትን እንደ ክፋት ወይም እንደ ድፍረት ማየታችን ከመነሻው የተሳሳተ መሆኑን ነው። ገፊው ምክንያት የቤተሰብ ቀለብ ነው። ዘዴው ውድ ስለሆነ ሰፊ ጥቅም ላይ ይውላል ብዬ አልጠብቅም፤ ምክንያቱን ለይቶ በማውጣቱ ግን ትልቅ ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ፍርሃት እንምጣ። ማንኛውም እንስሳ ከቅጣት እንዲማር ቢያንስ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። ቅጣቱ ድርጊቱን ወዲያው ተከትሎ መምጣት አለበት፤ እንስሳው ቅጣቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለበት፤ ከቅጣቱም በሕይወት መትረፍ አለበት። የኮዮት አደን ብዙውን ጊዜ የሚካሄድበት መንገድ ከሦስቱም ጋር ይጋጫል። አዳኙ ከነፋሱ በታች ተደብቆ፣ አካባቢውን የሚመስል ልብስ ለብሶ፣ የተጎዳች ጥንቸል ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ያጫውታል፤ እንስሳው ምግብ መስሎት ሲቀርብ ከሩቅ ይተኩሳል። የአዳኙ ሙያ የሚለካው ሳይታይና ሳይሸተት በመቅረቱ ነው። የሞተው ኮዮት የሚማረው ነገር የለም። ያመለጠው ደግሞ የተማረው ስለ ጥንቸሏ ድምፅ ነው፤ አንድ ጊዜ የዳነ ኮዮት ለዚያ ጥሪ ዳግመኛ እንደማይመጣ አዳኞቹ ራሳቸው ሲያማርሩ ይሰማል። ያ እንስሳ በማግሥቱ ከአንድ መኖሪያ ቤት ጓሮ የውሻ ምግብ ሲበላ፣ በመስኮት የሚያየውን ሰው ከትናንቱ ጥይት ጋር የሚያገናኝበት ምክንያት አላገኝም።

ለአደን የሚቆሙ ወገኖች ከዚህ የጠነከረ ሙግት አላቸው፤ ልንሸሸውም አይገባም። ትምህርት ባይኖር እንኳ ምርጫ አለ ይላሉ። ደፋሩ ቀድሞ ይሞታል፣ ስጉው ተርፎ ይወልዳል፣ በብዙ ትውልድም ማኅበረሰቡ ስጉ ይሆናል። ይህን የሚደግፉ የሚመስሉ ምልከታዎች አሉ። በ2019 የታተመና በዴንቨር ዙሪያ የሚኖሩ የከተማ ኮዮቶችን ከገጠሮቹ ጋር ያነጻጸረ ጥናት፣ የከተማዎቹ ሰው ይበልጥ እስኪቀርባቸው ድረስ እንደማይሸሹ ለክቷል፤ ገጠር ላይ ይታደናሉ፣ ከተማ ውስጥ አይታደኑም። በ2023 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ በታላቁ ክሩገር በተካሄደ ሙከራ ከድምፅ ማጉያ የሰው ንግግር የሰሙ የዱር እንስሳት፣ የአንበሳ ድምፅ ከሰሙት ይበልጥ ሸሽተዋል። የሰው ልጅ የረጅም ዘመን ገዳይነት በእንስሳት ጠባይ ውስጥ አሻራ የለውም ብሎ መከራከር አይቻልም።

ሆኖም በዴንቨርና በገጠር መካከል ያለው ልዩነት የጥይት ብቻ አይደለም። ከተማ ውስጥ ምግብ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በየቀኑ ምንም ሳያደርጉ የሚያልፉ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አሉ። ምንም ጉዳት ያላስከተለ ማነቃቂያ ሲደጋገም እንስሳ መልስ መስጠቱን ይተዋል፤ ይህ መላመድ የሚባለው ከትምህርት ዓይነቶች ሁሉ ቀላሉ ነው። ክሪስቶፈር ሼልና ባልደረቦቻቸው በ2018 ያሳተሙት ጥናት ይህን በቁጥጥር ሥር ባሉ ስምንት የኮዮት ጥንዶች ላይ ተከታትሎታል። ወላጆቹ በሰው ፊት መመገብን ሲለምዱ በሁለተኛው ወሊዳቸው ይበልጥ ደፋር ሆኑ፤ የሁለተኛው ወሊድ ቡችሎችም ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ሰውን ያልፈሩ ሆነው አደጉ። በሁለቱ ወሊዶች መካከል ያለፈው የጥቂት ዓመታት ጊዜ ነው። ድፍረት በዚህ ፍጥነት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ከሆነ፣ በብዙ ትውልድ ምርጫ ይመጣል የሚባለው ስጉነት ሊቀድመው አይችልም። በዚያ ላይ ምርጫው እንዲሠራ የሚገደሉት ደፋሮቹ መሆን አለባቸው፤ ከሆፕላንድ እንዳየነው ግን በተለመደው መንገድ በብዛት የሚያዙት ወጣቶቹ ናቸው። ድፍረትና አለማወቅ አንድ አይደሉም።

በሰው ላይ የሚደርሰው ጥቃት የክርክሩ እጅግ ስሜት ቀስቃሽ ክፍል ነው። ዋይትና ጌርት በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከ1960 እስከ 2006 በአሜሪካና በካናዳ የተመዘገቡ 142 ጥቃቶችን ሰብስበዋል። አብዛኛዎቹ ቀላል ጉዳት ያስከተሉ ናቸው። የሰው ሕይወት እንደጠፋባቸው በሰፊው የሚታወቁት ሁለት ክስተቶች ናቸው፤ በ1981 በካሊፎርኒያ አንዲት ሕፃን፣ በ2009 በካናዳ በኬፕ ብሬተን ሃይላንድስ ብሔራዊ ፓርክ አንዲት የ19 ዓመት ወጣት። የካሊፎርኒያዎቹ ተመራማሪዎች ቲምና ቤከር ድፍረት ደረጃ በደረጃ እንደሚያድግ ጽፈዋል፤ በሌሊት በመንደር ውስጥ መታየት፣ ከዚያ በቀን መታየት፣ ከዚያ የቤት እንስሳ መንጠቅ፣ በመጨረሻም ሰውን መዳፈር። መነሻው ምግብና የሚያሳድዳቸው ሰው መጥፋት ነው ይላሉ፤ መጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስም ጥፋተኞቹን ማስወገድ ግድ ነው ብለው ያምናሉ። በዚህ የመጨረሻ ነጥብ እስማማለሁ። ሕፃናት በሚጫወቱበት ሜዳ ሰውን የተዳፈረ እንስሳ መገደል የለበትም የሚል ተከራካሪ፣ በአካባቢው ለሚኖሩ ወላጆች የሚመልሰው ቃል ያለው አይመስለኝም።

የኬፕ ብሬተኑ ጉዳይ ግን ሁለቱንም ወገኖች ያስቸግራል። በኋላ የተደረገው ምርመራ የፓርኩ ኮዮቶች የሰው ምግብ እንዳልለመዱ፣ ይልቁንም በአብዛኛው ሙስ የተባለውን ግዙፍ የአጋዘን ወገን እየተመገቡ እንደሚኖሩ አሳይቷል። ትናንሽ አውሬዎች በሌሉበት ስፍራ ትልቅ እንስሳ መጣል የለመደ መንጋ ሰውንም እንደዚያው ሊያየው ይችላል የሚል መላምት ቀርቧል። «ችግሩ ሁሉ ሰው የሚጥለው ምግብ ነው» ለሚሉት ጥበቃ ወዳዶች ይህ የማይመች ግኝት ነው። አዳኞቹም በፓርኩ ውስጥ አደን አለመኖሩን በማንሣት ለራሳቸው ይጠቅሱታል፤ ነገር ግን አደን የማይፈቀድባቸውና ኮዮት ያለባቸው ብሔራዊ ፓርኮች ብዙ ናቸው፣ እንዲህ ያለ ሞት የተመዘገበው ግን በዚያ አንድ ቦታ ነው። ኖቫ ስኮሺያ በ2010 ለእያንዳንዱ የኮዮት ቆዳ 20 የካናዳ ዶላር መክፈል ጀመረች። የተደናገጠ ሕዝብ ያለበት መንግሥት አንድ ነገር ማድረግ እንዳለበት ይገባኛል፤ ነገር ግን ከፓርኩ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ የተያዘ ኮዮት ቆዳ ለፓርኩ ኮዮቶች ምን እንደሚነግራቸው አልተነገረንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

እንግዲህ አቋሜ ይህ ነው። ተለይቶ የታወቀን ጥፋተኛ፣ ጥፋቱ በተፈጸመበት ቦታና ጊዜ ማስወገድ የሚደገፍ እርምጃ ነው። በቁጥር የሚለካ ጅምላ አደን፣ በተለይም ብዙ የገደለ የሚሸለምበት ውድድርና በጭራ ወይም በቆዳ የሚከፈል ጉርሻ፣ ድፍረትን ይቀንሳል በሚል ሰበብ ሊደገፍ አይችልም። ዩታ ከ2012 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ኮዮት 50 ዶላር ስትከፍል፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2014 የግድያ ውድድሮችን በመከልከል የመጀመሪያዋ ግዛት ሆናለች፤ ሁለቱ ጎረቤቶች ሊባሉ የሚችሉ ግዛቶች ከአንድ ዓይነት እንስሳ ተነሥተው ወደ ተቃራኒ መደምደሚያ መድረሳቸው ውሳኔው ከማስረጃ ይልቅ ከፖለቲካ የመጣ መሆኑን ይጠቁማል። እርግጥ አንድ ሰው ኮዮትን ለቆዳው፣ ለመዝናኛው ወይም አጋዘንን ለማብዛት አድናለሁ ቢል ሌላ ክርክር ነው፤ ቢያንስ ምክንያቱ እውነተኛ ነው።

ፍርሃትን ለማስተማር የተሻለው መንገድ ማስበርገግ ነው። ሰው ኮዮቱን ፊት ለፊት እያየ ይጮኻል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ጠጠር ይወረውራል፤ እንስሳው ሳይጎዳ ይሸሻል፤ የሸሸውም ከሰው ነው። ከላይ የጠቀስኋቸው ሦስቱ ሁኔታዎች በዚህ ይሟላሉ። እርግጥ ነው፣ በ2019 በቁጥጥር ሥር ባሉ ኮዮቶች ላይ የተደረገ ሙከራ ምግብ ከሰው መቀበል የለመዱት ለማስበርገግ የሚሰጡት ምላሽ ደካማ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ከረፈደ በኋላ ብዙም አይረዳም፤ አንዱ ጎረቤት እያስበረገገ ሌላው ቁርጥራጭ ሥጋ የሚጥልለት ከሆነም ድካሙ ከንቱ ነው። ለእረኛው ደግሞ የበረት አጥርና ጠባቂ ውሻ አሉ። በካሊፎርኒያ የማሪን አውራጃ በ2000 ከፌዴራሉ ገዳይ አገልግሎት ጋር የነበረውን ውል ትቶ ገንዘቡን ወደነዚህ ማዞሩ ብዙ ጊዜ በምሳሌነት ይጠቀሳል፤ የአንድ ትንሽ አውራጃ ልምድ በመሆኑ ግን ከሚገባው በላይ ሊጫን አይገባም።

ይህ ሁሉ እኛን የሚመለከተው በጅብ ምክንያት ነው። ኮዮት በአሜሪካ ከተሞች ዳርቻ የያዘውን ቦታ በኢትዮጵያ ከተሞች ዳርቻ የያዘው ነጠብጣባሙ ጅብ ነው፤ ልዩነቱ ጅብ ብዙ እጥፍ ከባድና አጥንት ሰባሪ መሆኑ፣ የእኛም ዝምድና ከእርሱ ጋር እጅግ የቆየ መሆኑ ነው። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው በ2012 ያሳተሙት ጥናት በዓለም ያሉ የመስኩ ተመራማሪዎች የሚጠቅሱት ነው። በትግራይ በሦስት ቦታዎች የጅብ ዓይነ ምድር ሰብስበው በውስጡ ያለውን ፀጉር ለዩ። በዐቢይ ጾም ከብት መታረዱ ሲቀንስና የሥጋ ቤቱ ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቦቹ ወደ አህያ ዞሩ፤ የአህያ ፀጉር የተገኘበት ድርሻ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ የነበረው በጾሙ ወደ 33.1 በመቶ ከፍ ብሎ፣ ከጾሙ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። የአውሬው ጠባይ የእኛን የጾም አቆጣጠር ተከተለ ማለት ነው። ከሥጋ ቤት ጀርባ አጥንት የሚለቅመው ጅብና አህያ የሚጥለው ጅብ ሁለት የተለያዩ እንስሳት አለመሆናቸውን፣ ልዩነቱን የሚፈጥረው ደጃቸው ላይ የሚገኘው ምግብ መሆኑን ከዚህ በተሻለ ያሳየ ሥራ አላውቅም። ድኻው ገበሬ በጾም ወራት አህያውን ሲያጣ ያጣው መጓጓዣውንና ገቢውን ነው፤ በዚህ ጊዜ ሰፈሩ ተሰብስቦ ጅብ ቢገድል ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን የተገደለው ጅብ አህያዋን የበላው ስለመሆኑም ሆነ የቀሩት ስለመፍራታቸው የሚታወቅ ነገር የለም።

በሌላው ወገን ያለው ሒሳብም አለ። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት የመቀሌ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ሬሳና ቅሪት እንደሚያጸዱ፣ በዚህም በሰውና በከብት ላይ ሊደርሱ የሚችሉ የአባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሕመሞችን እንደሚያስቀሩ ገምቷል። ጅምላ ግድያ ቢሳካ ይህን ሥራ ማን ይረከበዋል የሚለው ጥያቄ ለከተማ አስተዳደሮች የሚተው ነው።

ሐረር ደግሞ የአሜሪካውያኑን ደንብ የሚፈታተን ጉዳይ ታቀርባለች። እዚያ አገር ኮዮትን የሚመግብ ሰው ሞቱን እያፋጠነለት እንደሆነ ይነገራል፤ የለመደ እንስሳ ይደፍራል፣ የደፈረ ይገደላልና። በሐረር ግን የጅብ ቀላቢዎች በእጃቸው፣ አንዳንዴም በአፋቸው በያዙት እንጨት ሥጋ ሲያጎርሱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ በጁገል ግንብም ጅቦች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ማርከስ ቤይንስ ሮክ በ2015 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አብሮ መኖር ከውስጥ ሆነው ገልጸውታል። ምግብ ሁልጊዜ ወደ ጥቃት ያመራል የሚለው ሕግ ሁለንተናዊ ቢሆን ኖሮ ሐረር የምትኖር ከተማ ባልሆነች ነበር። የእኔ ግምት፣ እስካሁን ማንም ለክቶ ያረጋገጠው ባይሆንም፣ በሐረር ምግቡ የሚገኘው በታወቀ ሰው፣ በታወቀ ቦታና በታወቀ ሰዓት መሆኑ ድፍረቱን በዚያው ወሰን ውስጥ አስቀርቶታል የሚል ነው። ጅቡ ቀላቢውን አይፈራም፤ በማግሥቱ በሌላ ሰፈር የሚያገኘውን እንግዳ ግን ሊፈራ ይችላል። ይህ ግምት ሊፈተን የሚችል ነው፤ እስካሁን ያልተፈተነውም በመሣሪያ እጦት አይመስለኝም።

ያልተፈተነው ጠባይን መለካት ልማዳችን ስላልሆነ ነው። በሰውና በዱር እንስሳት ግጭት ላይ የምንሠራቸው የማስተርስ ጥናቶች ባብዛኛው በመጠይቅ የተገነቡ ናቸው። ስንት በግ ጠፋብዎ፣ ጅብ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል ብለው ያስባሉ፣ መገደል አለበት ይላሉ ብለን እንጠይቃለን፤ መልሱን በመቶኛ አስቀምጠን የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ሊዳብር ይገባል ብለን እንዘጋለን። ጅቡ ራሱ በጥናቱ ውስጥ የለም። መከላከያው ላይ ፈታኙ «ድፍረት ጨምሯል ያልከው ከምን ተነሥተህ ነው?» ቢል ከመላሾቹ ስሜት ሌላ የምናሳየው አይኖረንም። አሜሪካውያኑ በሺህ የሚቆጠር ጭራ ቆጥረው ፍርሃትን ሳይለኩ መቅረታቸውን ስንተች፣ እኛም መጠይቅ ቆጥረን እዚያው ላይ መሆናችንን ማስተዋል ይገባል።

መለኪያው ረቂቅ አይደለም። የሽሽት መነሻ ርቀት ይባላል፤ ተመራማሪው በተወሰነ ፍጥነት በቀጥታ መስመር ወደ እንስሳው እየቀረበ፣ እንስሳው ቀና ብሎ ያየበትን፣ መንቀሳቀስ የጀመረበትንና የሸሸበትን ርቀት ይመዘግባል። የዴንቨሩም ጥናት በዚሁ ነው የተሠራው። የርቀት መለኪያና የእጅ ባትሪ በቂ ናቸው። ቄራ አጠገብ ባለ ሰፈርና ከቄራ በራቀ ሰፈር፣ በዐቢይ ጾምና ከፋሲካ በኋላ፣ ቀበሌው ጅብ ካስገደለበት ወር በፊትና በኋላ ቢለካ፣ ከላይ የዘረዘርሁት ክርክር ለአገራችን እውነት መሆን አለመሆኑ በአንድ ዓመት የመስክ ሥራ ቢያንስ ጅምሩ ይታወቅ ነበር። ከሌሊቱ በተጨማሪ ጎሕ ሲቀድና ምሽት ሲይዝ መለካት፣ በየቦታውም የሰው እንቅስቃሴን አብሮ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉ። አንደኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በቀን ወጥቶ ሰውን የማይሸሽ ጅብ ደፋር ሳይሆን የታመመ ሊሆን ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው እንስሳ ከመረጃው መለየትና ወዲያውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል። ሁለተኛው የተማሪው ደኅንነት ነው። ወደ ጅብ በእግር መቅረብ ከሁለት ሰው ባነሰ፣ ያለ አካባቢው ነዋሪ መሪነትና ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሊሞከር አይገባም፤ ንድፈ ሐሳቡ የሚቀርብለት ክፍልም የሌሊት ሥራ አበልና መኪና በጀቱ ውስጥ መግባታቸውን ከወዲሁ ሊያይ ይገባል፤ በትምህርት ክፍሎቻችን ለመጠይቅ የሚያዘው በጀት የቀን ነውና።